የተበላ የፍሬን ቡሎን ጥርስ እንዴት ይጠገናል? ለሞተር ሳይክል ባለቤቶችና ለጠጋኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በሞተር ሳይክል ፍሬን ላይ ከሚደርሱ ብልሽቶች መካከል ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው፣ ነገር ግን ፈጽሞ መቅለል የሌለበት፣ የቡሎን ጥርስ መበላት ነው። ቡሎኑ እየጠበቀ ሄዶ ሊያዝ ሲል በድንገት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉ ያለ ምንም መቋቋም መዞር ይጀምራል፤ ቡሎኑ ተፈትቶ ሲታይም በጥርሶቹ መካከል እንደ ብር ክር የተጠቀለለ አብረቅራቂ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ይዞ ይወጣል። ያ ፍቅፋቂ ከቀዳዳው ግድግዳ ላይ የተላጠው ጥርስ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቡሎኑን መልሶ አስገብቶ «ትንሽ ይዟል» ብሎ መሄድ አይቻልም።

ሞተር ሳይክል ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሕይወቱ የተንጠለጠለው ካሊፐሩን (ዲስኩን በሸራዎቹ የሚጨብጠውን የፍሬን ክፍል) ከፎርኩ (የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ) እግር ጋር ባሰሩት ሁለት ቡሎኖችና የፍሬን ቱቦውን ከካሊፐሩ ጋር ባገናኘው አንድ ቡሎን ላይ ነው። ከእነዚህ የአንዱ ጥርስ ሲበላ ጥገናው ሊሠራ ይችላል፤ በትክክል ከተሠራም ከመጀመሪያው የጠነከረ ይሆናል። የማይጠገንበትና ዕቃው መቀየር ያለበት ጊዜም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ጥርሱ ለምን ተበላ?

ምክንያቱ ሳይታወቅ የተጠገነ ጥርስ ተመልሶ ይበላል። ቡሎኑ ከብረት የተሠራ ነው፤ ቡሎኑን የሚቀበለው ካሊፐር ወይም የፎርክ እግር ደግሞ ከአሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። የተለመደው ጥፋት ከመጠን በላይ ማጥበቅ ሲሆን፣ በተለይ በቁልፉ ጫፍ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ማጥበቅ የጠጋኙ እጅ የሚሰማውን ስሜት ሙሉ በሙሉ ያጠፋል። ሁለተኛው ጥፋት ቡሎኑን ከመጀመሪያው በቁልፍ ማስገባት ነው፤ ቡሎን መጀመሪያ በጣት ብቻ ሦስት አራት ዙር መግባት አለበት፣ በጣት እምቢ ካለ ተጣሞ ገብቷል ወይም ልኩ አይደለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ልኩ የተለየ ቡሎን ማስገባት ነው። የፍሬን ቱቦ ቡሎን ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ግን 1.0 ወይም 1.25 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቡሎኖች ጎን ለጎን ይዞ በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ከገባ በኋላ ይጠብቃል፣ ጠጋኙም የቆሸሸ መስሎት በጉልበት ይገፋዋል፣ የቀዳዳው ጥርስም በዚያው ያልቃል። አራተኛው ደግሞ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው፤ የቱቦው መገናኛ ፈሳሽ ሲያፈስ ቡሎኑን ደጋግሞ ማጥበቅ። መፍሰሱን የሚያቆመው ሮንዴላው (በመገናኛው የሚገባው ስስ ክብ ብረት) እንጂ ጉልበት አይደለም። አሮጌ የመዳብ ሮንዴላ አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ቅርጹን ስለያዘ ዳግመኛ አይታተምም፤ አዲስ ሮንዴላ በጥቂት ብር ይገዛል፤ በጉልበት የተበላ ካሊፐር ግን በጥቂት ብር አይተካም።

በመጀመሪያ የተበላው ጥርስ ሥራው ምን እንደሆነ ይለዩ

በፍሬን ላይ ያሉ ጥርሶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። አንዳንዶቹ የሚሠሩት ማሰር ብቻ ነው፤ ካሊፐሩን ከፎርኩ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች እንደዚህ ናቸው። እነዚህ ከፍተኛ ጉልበት ይሸከማሉ፣ ነገር ግን በአጠገባቸው ፈሳሽ አያልፍም። ሌሎቹ ግፊት ያለበትን ፈሳሽ በያዘ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ የቱቦው ቡሎንና አየር ማስወጫው ትንሽ ቡሎን በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ፍሬን በኃይል ሲያዝ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በብዙ አሥር ባር ይቆጠራል፤ የሞተር ጎማ ውስጥ ያለው አየር ግን ሁለት ባር ገደማ ነው።

ይህን ክፍፍል አጥብቄ የማነሣው ጠጋኙ የሚወስደው ውሳኔ ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚቆም ነው። የማሰሪያ ቀዳዳ ጥርስ ሲበላ ያለ ስጋት ይጠገናል። ፈሳሽ ያለበት ቀዳዳ ግን የሚጠገነው መታተሚያው (ሮንዴላው ወይም የቡሎኑ ሾጣጣ ጫፍ የሚያርፍበት ገጽ) ያልተነካ እንደሆነ ብቻ ነው። በማስተር ሲሊንደሩ (የፍሬን ማንሻው ሲጨበጥ ፈሳሹን በሚገፋው ክፍል) ላይ ያለው የቱቦ ቀዳዳ ከተበላ ደግሞ ምክሬ አንድ ነው፤ ማስተሩን ይቀይሩ። በዚያ ቦታ ግድግዳው ቀጭን፣ የጥርሱም ርዝመት አጭር ስለሆነ ለስሕተት ቦታ የለውም።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ዕቃውን አጥበው በጥሩ ብርሃን ይመርምሩት። ከቀዳዳው የሚነሣ ስንጥቅ፣ እንቁላል ቅርጽ የያዘ ቀዳዳ፣ ወይም በዙሪያው የቀረው አሉሚኒየም የሳሳበት ጆሮ (ቀዳዳው ያለበት ወጣ ያለ ክፍል) ካዩ ጥገናውን ይተዉት። የተሰነጠቀ ጆሮ ላይ አርጎን ማስበየድም መፍትሔ አይሆንም፤ ሙቀቱ አሉሚኒየሙን ያለሰልሰዋል፣ የፎርኩን እግርም ከውስጥ ሊያጣምመው ይችላል።

ልኩን በትክክል ማግኘት

የጥርስ መለኪያ ከሌለዎት ማስመሪያ ይበቃል። ያልተበላውን የቡሎኑን ክፍል በማስመሪያው ጎን አስደግፈው ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ጀምረው አሥር ክፍተቶችን ይቁጠሩ። አሥሩ ክፍተት 10 ሚሊ ሜትር ከያዘ የጥርሱ ርቀት 1.0 ነው፤ 12.5 ሚሊ ሜትር ከያዘ 1.25 ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.5 ነው። የቡሎኑን ውፍረት ደግሞ በቬርኒየር (በተንሸራታች የውፍረት መለኪያ) ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጥርሱ ጫፍ ይለኩ፤ 7.8 ወይም 7.9 ካሳየ ስምንት ቁጥር ቡሎን ነው። ቡሎኑ አጭር ሆኖ አሥር ክፍተት ካልሞላ አምስቱን ቆጥረው በሁለት ያባዙ።

ልክ የምትወስዱት ከቡሎኑ ብቻ መሆን የለበትም። ቀደም ሲል ሌላ ሰው የተሳሳተ ቡሎን አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል በጎኑ ያለውን ያልተበላ ቀዳዳና የዚያኛውን ቡሎን ማመሳከር ይገባል። በትናንሽና መካከለኛ ሞተሮች ላይ የካሊፐር ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ 8 በ1.25 ሲሆን፣ ከፍ ባሉት ላይ 10 በ1.25 ይገኛል።

የካሊፐር ማሰሪያ ቀዳዳን መጠገን

መጀመሪያ አንድ ነገር ይመልከቱ። ቀዳዳው ከጆሮው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል የሚወጣ ከሆነና ከጀርባው ዳዶ የሚቀመጥበት ቦታ ካለ፣ ጥርስ መሥራት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ረዘም ያለ ቡሎን አሳልፎ ከጀርባ በማይላላ ዳዶ ማሰር ጠንካራና ቀላል ጥገና ነው። ይህ የሚሆነው ዳዶውና የቡሎኑ ጫፍ ከዲስኩ፣ ከራጂዎቹና ከጎማው ምንም በማይነኩበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጎማውን በእጅ ሙሉ ዙር አዙረው ያረጋግጡ። በቡሎኑ ራስ አናት ላይ የጥንካሬውን ደረጃ የሚያሳይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት ሊኖር ይገባል። ምልክት የሌለው ቡሎን ለአጥር እንጂ ለፍሬን አይሆንም።

ዳዶ የማይገባበት ከሆነ የሚሠራው በቀዳዳው ውስጥ አዲስ የብረት ጥርስ መትከል ነው። ለዚህ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥቅል ነው፤ ከማይዝግ ሽቦ የተሠራ፣ በውስጥም በውጭም ጥርስ የሚሆን ጥቅል ሲሆን፣ ከፑንታው (መብሻው)፣ ከጥርስ ማውጫው ማስኪዮና ከማስገቢያው ጋር በአንድ ሳጥን ይሸጣል። በአካባቢዎ ገበያ ካጡት ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ በኪሱ ይዞት ሊመጣ የሚችል ትንሽ ሳጥን ነው፤ ግን ሲያዝዙ ልኩን በትክክል ጽፈው ይስጡ፣ የአንዱ ልክ ሳጥን ለሌላው አይሆንምና።

ካሊፐሩን ከፎርኩ ላይ ይፍቱ፤ በቱቦው ላይ እንዲንጠለጠልም አይተዉት፣ በሽቦ ከመሪው ወይም ከፎርኩ ላይ ያስሩት። በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል የዲስኩን ውፍረት የሚያህል ቁራጭ ጣውላ ያስገቡ፤ ሰው ሳያውቅ የፍሬን ማንሻውን ቢጨብጥ ፒስተኑ ተገፍቶ እንዳይወጣ ይጠብቃል። ከዚያ የፊት ጎማውን ያውጡ። ጎማው እያለ መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ዲስኩ ትራፓኖውን (መሰርሰሪያውን) ቀጥ አድርጎ መያዝ ስለሚከለክልና ዘይትና ፍቅፋቂ ስለሚረጭበት እኔ አልመክረውም። ከሁሉም የተሻለው የፎርኩን እግር አውልቆ በሞርሳ (በዕቃ መጨበጫ) ላይ፣ በሁለት ጣውላ መካከል አስሮ፣ በቋሚ ትራፓኖ መብሳት ነው።

ለስምንት ቁጥር ቡሎን የሚበሳው ቀዳዳ 8.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ፑንታ ይጠቀሙ። ይህ ማለት አሮጌው ቀዳዳ የሚሰፋው በጣም በትንሹ ነው፤ የዚህ ጥገና ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። ቀዳዳው ድፍን ከሆነ ጥልቀቱን በቀጭን ሽቦ ለክተው በፑንታው ላይ በዚያው ልክ ቴፕ ይጠቅልሉ፤ ቴፑ ከአሉሚኒየሙ ሲደርስ ማቆም አለብዎት። ትራፓኖውን በዝግታ ያዙሩ፣ ነጭ ጋዝ ጠብ ያድርጉበት፣ በየጊዜውም አውጥተው ፍቅፋቂውን ያራግፉ። አሉሚኒየም ያለ ማለስለሻ ሲበሳ በፑንታው ላይ ይጣበቃል፣ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል።

ቀጥሎ ማስኪዮው ይገባል። ይህ ማስኪዮ የተለመደው አሥር ቁጥር ማስኪዮ አይደለም፤ ለሽቦ ጥቅሉ ተብሎ የተሠራ፣ ውፍረቱ 9.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የጥርሱ ርቀት ግን 1.25 የሆነ ነው። በሌላ መተካት አይቻልም። ማስኪዮውን በቀዳዳው አፍ ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው ትንሽ ጫን እያሉ አንድ ዙር ያስገቡ፣ ከዚያ ያቁሙና ቀጥ ብሎ መቆሙን በትንሽ ማዕዘን መለኪያ ከፊትና ከጎን ይዩ። የጥገናው ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር የተጣመመ ማስኪዮ በኋላ አይቃናም፣ የተጣመመ ጥርስም ካሊፐሩን አጣምሞ ያስረዋል፣ ሸራውም በአንድ ጎኑ ይበላል። ቀጥ ካለ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያሉ ይቀጥሉ። ወደ ኋላ ሲመልሱ ፍቅፋቂው ሲቆረጥ «ቅጭ» የሚል ስሜት በእጅዎ ይሰማዎታል። ያ ስሜት ጠፍቶ ማስኪዮው ከከበደ አያስገድዱት፤ አውጥተው ያጽዱት፣ ነጭ ጋዝ ጨምረው ይመልሱት።

ቀዳዳውን በብሩሽና በአየር ካጸዱ በኋላ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ቅባቱን ያውጡ። የሽቦ ጥቅሉን በማስገቢያው ላይ አድርገው በእጅ ያዙሩት። ጥቅሉ ሲገባ የሚጠብበው በራሱ ነው፤ ከላይ መጫን አያስፈልግም፣ መጫን ጥርስ ያስዘልለዋል። ወደ ኋላም አይመልሱት። የላይኛው ጫፉ ከቀዳዳው አፍ በግማሽ ጥርስ ገደማ ዝቅ ሲል ያቁሙ፤ ከአፉ ከፍ ብሎ ከቀረ ካሊፐሩ በእርሱ ላይ ያርፍና ማሰሩ ሐሰት ይሆናል። በጥቅሉ ግርጌ ያለችውን ማስገቢያ ምላስ በቀጭን ዘንግና በአንድ ፈጣን የመዶሻ ምት ይስበሩ፣ የተሰበረችውንም ምላስ በዓይንዎ ዐይተው ያውጧት። በቀዳዳው ውስጥ የቀረች ምላስ ቡሎኑ እስከ ታች እንዳይገባ ታግዳለች፤ ጠጋኙ ቡሎኑ የጠበቀ ይመስለዋል፣ ካሊፐሩ ግን ልቅ ነው።

የጥቅሉን ርዝመት በተመለከተ፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ቡሎኑ ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መያዝ አለበት፤ ለስምንት ቁጥር ይህ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ጆሮው የሚችል ከሆነ 16 ሚሊ ሜትሩን ይምረጡ።

የሽቦ ጥቅል በማይገኝበት ቦታ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ሄዶ ቡሽ (በቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የብረት እጅጌ) ማሠራት የቆየ አሠራር ነው። ቡሹ ከውስጥ የቡሎኑን ጥርስ፣ ከውጭ 12 ቁጥር ጥርስ ይዞ ከብረት ይሠራል፣ በሎክታይትም (በጥርስ ማጣበቂያ) ተጣብቆ ይገባል። ጥገናው ጠንካራ ነው፤ ጉዳቱ ቀዳዳው ከ8 ወደ 12 ሚሊ ሜትር መስፋቱ ነው። ከቡሹ ዙሪያ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሚሊ ሜትር ያልተነካ አሉሚኒየም ካልቀረ አልሠራውም፤ በቀጭን ጆሮ ላይ ቡሹ ሳይሆን ጆሮው ራሱ ነው የሚሰበረው። ባለ ቶርኖውም የሚበሳው በግምት ሳይሆን አሮጌውን ቀዳዳ መሐል አድርጎ መሆን አለበት፤ የካሊፐሩ ሁለት ቀዳዳዎች ርቀት በትንሹ ከተዛነፈ ካሊፐሩ አይገጥምም ወይም ከዲስኩ ጋር ትይዩ መሆኑ ይቀራል።

ሲገጥሙ አዲስ ወይም ጥርሱ ያልተነካ ቡሎን ይጠቀሙ። ሰማያዊውን ሎክታይት ጠብታ ቀብተው ሁለቱንም ቡሎኖች በጣት ያስገቡ፣ ከዚያ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። ስምንት ቁጥር የካሊፐር ማሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር፣ አሥር ቁጥር ደግሞ ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ይጠብቃል፤ የሞተርዎ መመሪያ የሚለው ቁጥር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል።

በካሊፐሩ ላይ ያለ የቱቦ ቡሎን ቀዳዳ

ይህ ሥራ ከላይኛው የሚለይበትን ነገር ለመረዳት መገናኛው እንዴት እንደሚታተም ማወቅ ያስፈልጋል። የቱቦው ቡሎን መሐሉ ክፍት ነው፤ ፈሳሹ በቱቦው ቀለበት በኩል ወደ ቡሎኑ ጎን ቀዳዳ፣ ከዚያም በመሐሉ ወደ ካሊፐሩ ይገባል። ከቀለበቱ በላይ አንድ፣ በታችም አንድ ሮንዴላ አለ። ፈሳሹን የሚያግዱት እነዚህ ሁለት ሮንዴላዎች ናቸው፤ ጥርሱ የሚሠራው ሮንዴላዎቹን መጨፍለቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቴፍሎን፣ ቃጫ ወይም ማስቲሽ በጥርሱ ላይ መጠቅለል ለውኃ ቧንቧ እንጂ ለፍሬን አይሠራም፤ ቁራጩ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠባቡን መተላለፊያ ሊደፍነውም ይችላል።

የሽቦ ጥቅልም ራሱ አያትምም። ፈሳሹ በጥቅሉ ጀርባ እየተጠማዘዘ እስከ ቀዳዳው አፍ ይወጣል፤ እዚያ የሚያቆመው የታችኛው ሮንዴላ ነው። ለ10 በ1.25 ጥቅል የሚወጣው ጥርስ ውፍረት 11.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሮንዴላው 14 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው በዙሪያው ለመታተም የሚቀረው ከ1.2 እስከ 1.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያችን ቀጭን ቀለበት ማበላሸት ካሊፐሩን ማበላሸት ነው። ስለዚህ የቀዳዳውን አፍ በፑንታ አያሸርፉ፣ ትራፓኖው በገጹ ላይ እንዳይንሸራተት ይጠንቀቁ፣ ገጹንም በሞረድ አይንኩ። በእጅ ትራፓኖ መበሳትም እዚህ ቦታ አይፈቀድም፤ ካሊፐሩ በቋሚ ትራፓኖ ላይ በሞርሳ ታስሮ መበሳት አለበት።

ካሊፐሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት ይኖርበታል። ፒስተኑና የጎማ ማኅተሞቹ በውስጡ እያሉ የሚሠራ ሰው የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ከማኅተሙ ሥር ይተዋል፤ ያም ፍቅፋቂ ፒስተኑን ይቧጭረዋል። ፒስተኑን በአየር ግፊት የሚያወጡ ከሆነ አየሩን በጥቂት በጥቂቱ ይስጡ፣ ከፊቱ ወፍራም ጨርቅ ያድርጉ፣ ጣትዎንም ያርቁ፤ ፒስተን ሲወጣ ጣት የሚሰብር ኃይል አለው።

ለ10 በ1.25 የሚበሳው 10.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከአሮጌው ጥርስ መጨረሻ አልፈው አይብሱ፤ ከግርጌው ያለው ጠባብ መተላለፊያ ወደ ፒስተኑ ቤት ይገባል። ጥቅሉም ከጥርሱ ጥልቀት ያጠረ መሆን አለበት፣ የተሰበረችው ምላስ ደግሞ የግድ መውጣት አለባት፤ እዚህ ቦታ የቀረች ምላስ ፈሳሹን ልትዘጋ ትችላለች። ምላስ የሌለው የጥቅል ዓይነት ካገኙ ለዚህ ቀዳዳ የሚመረጠው እርሱ ነው።

ሲጨርሱ ካሊፐሩን በሳሙናና በሙቅ ውኃ፣ ከዚያም በአልኮል አጥበው በየመተላለፊያው አየር ይንፉ። የጎማ ማኅተሞችን ግን በቤንዚን፣ በናፍታ፣ በነጭ ጋዝም ሆነ በሞተር ዘይት ፈጽሞ አይጠቡ። በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ የፍሬን ማኅተም ጎማ እነዚህ ሲነኩት ያብጣል፣ ካበጠም ፒስተኑ መመለስ ያቅተውና ፍሬኑ ሳይያዝ ይይዛል። ማኅተሞቹን በአዲስ የፍሬን ዘይት ብቻ አርሰው ይመልሱ። ሁለቱንም ሮንዴላዎች አዲስ ያድርጉ፣ የቱቦውን ቡሎንም ሎክታይት ሳይቀቡ መመሪያው በሚለው ልክ ያጥብቁ፤ አሥር ቁጥር የቱቦ ቡሎን ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ነው።

አየር ማስወጫውና የማስተሩ ክዳን

አየር ማስወጫው ትንሽ ቡሎን የሚታተመው በጫፉ ባለው ሾጣጣ ነው፤ ሾጣጣው በቀዳዳው ግርጌ ባለው መቀመጫ ላይ ያርፋል። ፑንታው ያንን መቀመጫ ከነካ ጥርሱ ቢሠራም መፍሰሱ አይቆምም፤ መቀመጫው ደግሞ በእጅ አይሠራም። መቀመጫው ደህና ሆኖ የተበላው የላይኛው ጥርስ ብቻ ከሆነ በልምድ የታወቀ ባለ ቶርኖ ቡሽ ሊሠራለት ይችላል። ከዚህ ውጭ ካሊፐሩ ይቀየር። ይህ ቡሎን ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ብቻ የሚጠብቅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በረጅም ቁልፍ አያጠብቀውም።

የማስተሩን ክዳን የሚያስሩት ትናንሽ ብሎኖች ግፊት አይሸከሙም፤ በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ጥርስ ወይም በትንሽ የሽቦ ጥቅል ይጠገናሉ። ስትበሱ ማስተሩ ከሞተሩ ወርዶ፣ ባዶ ሆኖና ውስጡ ተሸፍኖ መሆን አለበት።

ሙከራ

በማስተሩ ክዳን ላይ የተጻፈውን የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ካልተከፈተ ጠርሙስ ይሙሉ፤ ተከፍቶ የቆየ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በረጅም ቁልቁለት ላይም ቶሎ ይፈላል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ ያጥቡት። ስፑርጎውን (አየሩን ሙሉ በሙሉ የማስወጣቱን ሥራ) ሲጨርሱ ማንሻው ጠንካራ ሊሆንና በተጨበጠበት ቦታ ሊቆም ይገባል።

አሁን ማንሻውን በኃይል ጨብጠው ከእጀታው ጋር በጎማ ማሰሪያ አጥብቀው ያስሩት፣ ከካሊፐሩ ሥር ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ፣ ሌሊቱንም እንደዚሁ ይተዉት። ጠዋት በወረቀቱ ላይ አንዲት የዘይት ነጠብጣብ ካለች፣ ወይም የቱቦውን ቡሎን ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ሲያብሱ ርጥበት ከያዘ፣ ሞተሩ ከቦታው አይንቀሳቀስ። ሮንዴላዎቹን ቀይረው አንድ ጊዜ ይሞክሩ፤ ከዚያም ካረጠበ ገጹ ተበላሽቷልና ካሊፐሩን ይቀይሩ። ተጨማሪ ማጥበቅ እዚህ ላይ አማራጭ አይደለም።

ደረቅ ሆኖ ካደረ ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ በ10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ የፊት ፍሬኑን ብቻ ለስላሳ አድርገው ይያዙ፣ ከዚያ ፍጥነቱንም አያያዙንም ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ። በያንዳንዱ መቆም መካከል ወርደው ቡሎኖቹን በዓይን ይዩ። ከቡሎኑ ራስ እስከ ካሊፐሩ የሚዘልቅ አንድ መስመር በጥፍር ቀለም ይሳሉ፤ ሎክታይት የተቀባ ቡሎን ለማረጋገጥ ተብሎ በቁልፍ መነካካት የለበትም፣ መስመሩ ግን ቡሎኑ በጥቂቱ እንኳ ከዞረ ይናገራል። መስመሩን ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ ከመነሣትዎ በፊት ይመልከቱት። ከተዛነፈ ቡሎኑን ፈትተው ጥቅሉ አብሮ እየወጣ መሆን አለመሆኑን ይመርምሩ፤ አብሮ ከወጣ ቀዳዳው ከልኩ በላይ ሰፍቷልና በዚያ ጆሮ ላይ የሽቦ ጥቅል ዳግመኛ አይተከልም፣ ወይ ወደ ቡሽ ይሄዳል ወይ ዕቃው ይቀየራል።